ዱቲ ያደረ ጆሮ

ሰው እንቅልፍ ሲያጣ አይኑ ይቃጠላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል። ይሄ ሁሉ ለእኔም አይቀርልኝም። ከሁሉ ቀድሞ የሚከዳኝ ግን ጆሮዬ ነው።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የሌሊት ተራችንን «ዱቲ» እንለዋለን። የምሠራው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው መንገድ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ብዙ ሰው ማዋለድ የእጅ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ግማሹ የጆሮ ነው። የእናቲቱን የደም ግፊት የምለካው በጆሮዬ ነው። የጽንሱን ልብ የምቆጥረው በጆሮዬ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የተኛችው ሴት ለመግፋት ስትደርስ ድምፅዋ ይወፍራል፣ ከጉሮሮዋ ይወጣል። ልምድ ያላት አዋላጅ ሳታይ ታውቀዋለች፤ ጓንቷን ይዛ ትነሳለች። ልጁ ዱብ ሲል ደግሞ በክፍሉ ያለነው ሁሉ ትንፋሻችንን ይዘን የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ለቅሶውን።

ስለዚህ «ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሰው ጆሮው ምን ይሆናል?» የሚለው ነገር እኔን በደንብ ይመለከተኛል።

ከልብ ምቱ ልጀምር። ዶፕለሩ (የጽንሱን የልብ ምት አጉልቶ የሚያሰማው በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ) ባትሪ ሲጨርስ ወይም ሲበላሽ (ይበላሻል) የምንይዘው ፌቶስኮፕ ነው። አንድ ጫፉ ሰፋ ያለ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራ ቀጥ ያለ አጭር ቱቦ። ፈረንሳዊው የማህፀን ሐኪም አዶልፍ ፒናርድ በ1895 እ.ኤ.አ. ያወጣው መሣሪያ ነው። ባትሪ አይፈልግ፣ መብራት አይፈልግ። የሚፈልገው ንቁ ጆሮ ብቻ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ሰፊውን ጫፍ ሆዷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። የሚሰማው ድምፅ ትራስ ስር የተቀመጠ የእጅ ሰዓት ይመስላል። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታት አለበት። አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ምጡ ከጠነከረ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ፣ መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃው። እየቆጠርኩ በአንድ እጄ የእናቲቱን የእጅ አንጓ እይዛለሁ፤ የእሷን የልብ ምት የልጇ ነው ብዬ እንዳልቆጥር።

አሁን ይህንን ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ አስቡት። በዚያ ሰዓት የሰውነት ሙቀት እጅግ ዝቅ ይላል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ወርዷል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ... ከዚያ ቁጥሩ የለም። ድምፁ አልጠፋም፤ ልቡ መምታቱን አላቆመም። የጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህንን ማይክሮ ስሊፕ ይሉታል። አንጎል ለጥቂት ሰከንዶች ይተኛል። አይን እንደተከፈተ ሊሆን ይችላል፤ የተኛው ሰው መተኛቱን ራሱ ላያውቅ ይችላል። በነዚያ ሰከንዶች የመጣው ድምፅ ጆሮ ድረስ መጥቷል። የተቀበለው ግን የለም። መፍትሔው አንድ ነው፤ ከአንድ ጀምሮ እንደገና መቁጠር።

የደም ግፊቱ ደግሞ ከዚህም ይረቅቃል። ክንዷ ላይ ጨርቁን ነፍቼ ቀስ እያልኩ አየሩን ስለቅቅ መጀመሪያ የሚሰማው «ጠብ» የሚል ምት የላይኛው ቁጥር ነው። ድምፁ ሲጠፋ የታችኛው። ይህንን ዘዴ ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም በ1905 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቀው። የመጀመሪያዎቹ ምቶች ቀጭን ናቸው። የደከመ ሰው ሁለት ሦስቱን ቢያሳልፍ 142 የነበረው 136 ሆኖ ይጻፋል። እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ 140 በ90 ማለት ዝም ተብሎ የማይታለፍ መስመር ነው። ሽንቷን ትመረመራለች፣ ራስ ምታት አለሽ ወይ ትባላለች፣ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላታል። ስለዚህ ሌሊት ላይ መጀመሪያ የእጅ አንጓዋን ይዤ እነፋለሁ፤ ምቱ ከጣቴ ስር የጠፋበትን ቁጥር አያለሁ። ከዚያ በኋላ ነው በጆሮ የምለካው። ጣት ለጆሮ ምስክር ይሆናል።

እና ጆሮው ራሱ ምን ሆነ?

በአብዛኛው ምንም። ድምፅ ታምቡሩን ይመታል፣ ሦስት ደቃቃ አጥንቶች ተቀባብለው ወደ ውስጥ ያስገቡታል፣ ኮክሊያ የሚባለው ጥምዝምዝ ክፍል ይደርሳል። እዚያ በእያንዳንዱ ጆሮ 15,000 ገደማ የፀጉር ሴሎች አሉ። እነሱ ንቅናቄውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡና በነርቭ ወደ አንጎል ይልኩታል። አንድ ሌሊት አለመተኛት ይህንን መንገድ እምብዛም አይነካውም። ዱቲ ያደርኩትን እኔን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ቀጭን ድምፅ እያሰማችሁ «ስትሰሚ እጅሽን አንሺ» ብትሉኝ ምናልባት ከወትሮው ብዙ አልለይም።

የሚፈርሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከጫጫታ ውስጥ አንድን ድምፅ መርጦ ማውጣት፣ ተቀራራቢ ቃላትን መለየት፣ የሰሙትን እስኪጽፉት ድረስ መያዝ። ይህ ሁሉ የአንጎል ሥራ ነው፤ ትኩረት ይፈልጋል። ትኩረት ደግሞ እንቅልፍ ሲጠፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚላላው ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል፤ ድብት የሚያደርገን አንዱ እሱ ነው። ቡና የሚሠራው የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ በመያዝ ነው። የተጠራቀመውን አያጠፋውም። ለዚህ ነው ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቶም ሰው «ምን አልሽኝ?» የሚለው።

በ1997 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት አለ፤ ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ለ17 ሰዓት ነቅተው የቆዩ ሰዎች በቅልጥፍና ፈተና ላይ ያሳዩት ድክመት በደማቸው ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለባቸው ሰዎች ጋር እኩል ሆነ። በብዙ አገር መኪና መንዳት የሚያስከለክል መጠን ነው። የደብረ ብርሃን አረቄ ሳይቀምሱ መስከር ማለት ይሄ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት የተነሳ አዋላጅ 17 ሰዓት የሚሞላው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ሌሊቱ ገና ነው።

ይህ ሁሉ በደንብ የሚታየው ጠዋት ርክክብ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥ አስታማሚዎች ገንፎ ይዘው ገብተዋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ስልክ ይጮሃል፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ ትጎትታለች። የምትረከበኝ ልጅ «የታችኛው ሰባ ነው ሰማንያ?» ትለኛለች። አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምፁም ይመጣል። ቃሉ ግን አይያዝልኝም። ጸጥ ባለ ቦታ ብትጠይቀኝ ወዲያው እመልስላት ነበር። አሁን ግን ጨዋታው «ሲስተር ዛሬ ደንቁራለች» ይሆናል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ጣርማ በር ላይ ሌሊት «አይሰማም» ከምትሉት ሰው ላይ መጀመሪያ ጋቢውን ከጆሮው አንሱለት። ከምርመራ ሁሉ የሚቀድም ምርመራ ነው። ቆሎም እንደዚሁ። ደብረ ሲና ተቀምጦ ቆሎ አለመብላት አይቻልም፤ እንቅልፍም ያባርራል። ግን ጥርስ ሲሰብረው ድምፁ በመንጋጋ አጥንት በኩል ቀጥታ ወደ ውስጥ ጆሮ ይገባና የውጭውን ይሸፍነዋል። ቆሎ እየበላች የምታወራኝን ጓደኛዬን ሁሌ እነግራታለሁ፤ እየበላች ስለሆነ አትሰማኝም።

ወደ ቤት ስመለስ ሌላ ጉድ ይጀምራል፤ ቀን መተኛት። ቤቴ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። ወደ ወሎና ወደ አፋር የሚሄዱት የጭነት መኪኖች ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እየጮሁ ይወርዳሉ። እንቅልፌ ላይ ምንም አያመጡም። ወፍጮ ቤቱም ለምጄዋለሁ። የዕድር ጥሩምባ ከተነፋ ግን ከአልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው ራሴን የማገኘው። ማን ሞተ?

ጆሮ ስንተኛ አይዘጋም። ድምፁ ይገባል፤ አንጎል ውስጥ ታላመስ የሚባለው ክፍል አብዛኛውን ይመልሰዋል፣ አንዳንዱን ያሳልፈዋል። የሚያሳልፈው በጩኸቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ በትርጉሙም ነው። የተኛ ሰው አንጎል ከሌላ ስም ይልቅ ለራሱ ስም የተለየ ምላሽ እንደሚሰጥ በኤሌክትሮድ ተለክቷል። የእኔ ስም ደግሞ ወላጆቼ ያወጡት መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ሚኒባስ ውስጥ ተኝቼ ከኋላ ወንበር አንዱ «ሲስተር!» ቢል እነቃለሁ፤ የራሱን እህት እየጠራ ነው።

በጣም የተራበ እንቅልፍ ሲመጣ ግን ይህ ዘበኛም ይሸነፋል። ለሁለት ሌሊት በደንብ ያልተኛ ሰው ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባ የስልኩን ደወል ላይሰማ ይችላል። አራስ ቤት ያሉ ባሎች ላይ የሚመጣውን ክስ አውቃለሁ፤ «ልጁ ሲያለቅስ እያወቀ ነው የሚተኛው»። አንዳንዱ እያወቀ ነው። አንዳንዱ ግን በእውነት አልሰማም።

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ የሌለ ድምፅ መስማት። ዱቲ በተደራረበበት ሳምንት ቤቴ ቧንቧ ከፍቼ ዕቃ ሳጥብ ሕፃን ሲያለቅስ እሰማለሁ። ውሃውን እዘጋለሁ፤ የለም። እከፍታለሁ፤ አለ። መጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሳልነግር ቆየሁ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ከዚያ ሻይ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራ ሁሉም ሳቁ፤ ሁሉም ይሰሙታል። አንዷ «እኔ ሻወር ውስጥ ነው የሚያለቅስብኝ» አለች። የደከመ አንጎል ከውሃ ጫጫታ ውስጥ የለመደውን ነገር ፈልጎ ያወጣል። እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ስማችንን የጠራን ሰው ያለ የሚመስለንም ብዙዎቻችን ነን። ሲተኙ የሚጠፋ ከሆነ አያስፈራም። ጥሩ ተኝተውም ከቀጠለ፣ ወይም ድምፁ የሚያዝና የሚናገር ከሆነ ለሐኪም መንገር ነው። በተለይ አራስ ከሆነች፣ ቤተሰብ «ይተዋታል» ብሎ ቀን መቁጠር የለበትም። ፈጥና ትምጣ።

አሁን ወደ ጆሮ ጩኸት ልግባ፤ ብዙ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ። የቤት አከራዬ ጋሼ ዕድሜያቸውን ወፍጮ ቤት ነው የጨረሱት። ጆሯቸው ሌት ተቀን «ሲይይይ» ይላል። ቀን ይረሱታል፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ይጎላል። ስለሚጎላ አይተኙም። ስላልተኙ በማግስቱ ይብስባቸዋል። «እንቅልፍ ባገኝ ይተወኝ ነበር» ይላሉ። «ቢተወኝ ደግሞ እተኛ ነበር።» ከዚህ የተሻለ ገለጻ መጽሐፍ ላይም አላነበብኩም። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን አላመጣባቸውም፤ ያመጣው የወፍጮው ጩኸት ነው። የሞቱት የፀጉር ሴሎች ሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። እንቅልፍ ማጣቱ ግን ጩኸቱን መሸከም እንዳይችሉ ያደርጋቸዋል።

ጋሼን ማታ ራዲዮ ዝቅ አድርገው ከፍተው እንዲተኙ መከርኳቸው። ለጩኸቱ ጎረቤት መስጠት ነው፤ ብቻውን ሲሆን ነው የሚጎላው። ትንሽ እንደረዳቸው ይናገራሉ፤ ባለቤታቸው ግን በእኔ ላይ ቅሬታ አላቸው፣ ዜናው አላስተኛ ብሏቸው። እንዲህ ያለ ጩኸት በመድኃኒትም ሊመጣ ይችላል፤ ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት፣ በብዛት የተወሰደ አስፕሪን፣ ጄንታማይሲን የሚባለው መርፌ። ስለዚህ ጆሮዬ ጮኸ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን እየወሰድክ ነው?» ብዬ ነው። አንድ የሚያናድደኝ ነገር ደግሞ የሞቀ ዘይትና ቅቤ ጆሮ ውስጥ ማንቆርቆር ነው። ታምቡሩ ተቀዶ ቢሆንስ? እባካችሁ ተዉት።

እንቅልፍ ማጣት ለዓመታት ሲቀጥል ጆሮን ራሱን ይጎዳል ወይ? እዚህ ላይ ቀስ ማለት ይሻላል። በጣም የሚያንኮራፉና እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው ቆም ቆም የሚል ሰዎች አሉ። ሚስት ናት ብዙ ጊዜ የምታውቀው፤ «ዝም ሲል ሞተ ብዬ እቀሰቅሰዋለሁ» ትላለች። እነዚህ ሰዎች ላይ የመስማት ችግር በዛ ብሎ እንደታየ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ ግን ማንም አልቆረጠም፤ ዕድሜው፣ ውፍረቱ፣ ደም ግፊቱ አብረው ስለሚመጡ። የሚገመተው መንገድ ግን ስሜት ይሰጣል። የውስጥ ጆሮ ደም የሚያገኘው በአንዲት ቀጭን የደም ሥር ነው፤ እሷ ብትቸገር ሌላ ደራሽ የላትም። ሌሊት በተደጋጋሚ ኦክስጅን ሲያንስ መጀመሪያ የሚጎዳው እንዲህ ያለ ቦታ ቢሆን አይገርምም። ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ሲያንኮራፋ ጣሪያ ያነሳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከጆሮው በፊት መሪ ላይ ማንቀላፋቱ ነው። ሄደህ ታይ ስለው «እኔ እንኳን ደህና ነኝ፣ አንቺ ተኚ» ይለኛል።

አንድ ነገር ግን በድካም አታሳቡ። አንድ ጆሮ በድንገት፣ ጠዋት ስትነሱ ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ፣ መስማት ከቀነሰ ወይም ጭራሽ ከጠፋ ያ የእንቅልፍ ማጣት አይደለም። አንዳንዴ ኩክ ነው፤ ታጥቦ ይወጣል፣ ሳቅ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። አንዳንዴ ግን የነርቭ ነው፤ ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። «ደክሞኝ ነው፣ ቅዳሜ ልተኛበትና ልየው» የሚባልበት አይደለም። ከእኛ ጋ ብትመጡ ጆሯችሁን በመብራት አይተን፣ ኩክ ካልሆነ ያው ቀን ወደ ሆስፒታል እንልካችኋለን።

ዱቲ ላይ አሁን የምናደርገው ጥቂት ነገር አለ። ማታ በቃል የተነገረ ቁጥር ሁሉ ይደገማል፤ «ሰባ» ካልሽኝ «ሰባ፣ ሰባት ዜሮ» እልሻለሁ። የተቆጠረ ነገር ወዲያው ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያ ቅጹ) ላይ ይገባል፤ በጭንቅላት አይያዝም። ያልተማመንኩበትን የልብ ምት ሌላዋ እንድትቆጥር እጠራታለሁ፤ ማፈር የለም። ምጥ ላይ ያለች ከሌለች ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል በተራ እንተኛለን። ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ተገብቶ ሲቀሰቀሱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይደናገራል። በዚያ ሰዓት ሰው አይኑን ከፍቶ ያያል፣ ይመልሳል፣ «እሺ» ይላል። ምን እንዳለ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ከእንቅልፏ ለተነሳች ተረኛ ቁም ነገር የሚነገረው ፊቷን ከታጠበች በኋላ ነው።

ይህንን ሕግ ያልተቀበለችው እማዬ ብቻ ናት። መሐል ሜዳ ነው ያለችው፤ የምትደውለው ሁልጊዜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እኔ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሳለሁ ነው። «ከአስር ሰዓት በኋላ ደውዪ» ብላት «ያኔ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» ትላለች። አነሳለሁ፣ አወራለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እተኛለሁ። ባለፈው ሰሞን ማታ ደወልኩና ቀን ምን ምን እንዳወራን ጠየቅኳት። የአክስቴ ልጅ ሊያገባ ነው አለች። ደስ አለኝ። «ሙክቱን አንቺ እንደምትገዢ ለሁሉም ነግሬያለሁ» አለች። መች ነው እንደዚህ ያልኩት አልኳት።

«እሺ ብለሽኛል። ሁለቴ ነው ያልሽው።»

የመንዝ በግ ዘንድሮ ስንት እንደገባ የምታውቁ ንገሩኝ።